በጫማዬ የከደንኩት ቱቦ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን፤ አስቀድሜ በየስማችን ልጥራን።

አንደኛው ኦቦ ገመቹ ነው፤ አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መርፌ ሲወጋ የኖረ፣ ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት፣ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ። ሁለተኛዋ አስካለ፣ ባለቤቴ የነበረችው። ሦስተኛዋ ሐዊ፣ አንድ ልጃችን፣ የመድኃኒት ባለሙያ። አራተኛዋ ካርታ ይዛ ወደ ሰፈራችን የመጣች የፕላን ባለሙያ ናት፤ ስሟን ያኔም አልጠየቅሁም፣ ጥፋትም የለባትም። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ታደሰ፣ ግንበኛው፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ የነበርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው አልተናገርኩትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጥቃቅኑን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህንን በዝምታ አልፌዋለሁ።

ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ሲሚንቶ እያቦካሁ ነው። የቤት ፕላን ማንበብ የቻልኩት ከመሐንዲሶች ትከሻ በላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ቁቤን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ የለየሁት ሐዊ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ማታ ማታ የእሷን መጽሐፍ ተበድሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከቢሮ ደብዳቤ ሲመጣለት፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ወደ እኔ ይዞ ይመጣል። ይህ ያኮራኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ በዚህ ያሾፍብኛል፦ «ሳትማር እንዲህ የሆንክ፣ ተምረህ ቢሆን ማን ይችልህ ነበር?»

ሐዊን በጭካኔ ነው ያሳደግኋት ይሉኛል። እውነት ነው፣ ውሸትን አልታገሥም ነበር። በስምንት ዓመቷ የኦቦ ገመቹን የመስኮት መስታወት በኳስ ሰብራ «ነፋስ ነው» አለች። እጇን ይዤ እስከ በሩ ወሰድኳትና «በራስሽ አፍ ተናገሪ» አልኳት። ቆማ አለቀሰች። አልቅሳ ሲበቃት «እኔ ነኝ» አለች። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ጠረገላትና «መስታወት ይገዛል፣ ልጄ። እኔ ነኝ የሚል ሰው ግን ገበያ ላይ አይገኝም» አላት። ወደ ቤት ስንመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ልጄን እውነት አስተማርኳት ብዬ። ይህን በኋላ ታስታውሱልኛላችሁ።

አሁን ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገዳችን ላይ፣ በአስፋልቱ እና በእኔና በኦቦ ገመቹ ቤቶች መካከል፣ አንድ ገላጣ ቦታ ነበር። ወርዱ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ርዝመቱ ሃያ አራት። ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። ኦርቶዶክስም ይሙት ጴንጤ፣ ድንኳኑ አንድ ነው፤ የሚቀመጠውም ጎረቤት አንድ ነው። ቋሚዎቹ በዝናብ ጊዜ እየተነቀሉ ስላስቸገሩን፣ እኔ ራሴ ስድስት የብረት ቱቦዎች መሬት ውስጥ ቀብሬ በኮንክሪት አሰርኳቸው። ሰው ሲሞት ቋሚውን ቱቦው ውስጥ መሰካት ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ድንኳን ይቆማል። ከሌላ ሰፈር ሁሉ እየመጡ አይተውት ሄደዋል። ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ስድስት ጉድጓድ የምወደው ሥራ ግን አልነበረኝም።

ሐዊ ተመርቃ ጌዶ ጤና ጣቢያ ጥቂት ከሠራች በኋላ ወደ ቤት መመለስ ፈለገች። ሐሳቧ የቤታችንን የፊት ክፍል ከፍታ መድኃኒት መደብር ማድረግ ነበር። አስካለ መደርደሪያው የሚቆምበትን ግድግዳ ቀድማ በኖራ ቀባች። ሐዊ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ ግን ቤቱ ያለበት ቦታ በከተማው ፕላን መኖሪያ ስለሆነ ንግድ አይፈቀድበትም ተባለች። ተመልሳ መጥታ አላጉረመረመችም። ቀለም የተቀባውን ግድግዳ አየችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ያንን ጀርባዋን አልቻልኩትም።

ፕላኑ የሚከለስበት ጊዜ ደረሰ። ፕላን የሚለው ቃል በእኛ አገር ያስለቀሰበት ዘመን ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበርና፣ ለስብሰባ ሲጠሩን የሄደው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ በየሰፈሩ እየዞረች ነዋሪው የወከለውን ሽማግሌ መጠየቅ ነበረባት። የእኛ ሰፈር የወከለው እኔን ነው። ደብዳቤ አንባቢውን፣ የዕድሩን ዳኛ።

ገላጣው ቦታ ላይ ቆመን ካርታውን ዘረጋችው። ቀዩ ንግድ፣ ቢጫው መኖሪያ፣ አረንጓዴው ክፍት የሕዝብ ቦታ ነው። ቀዩ ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ ቆምንበት ይመጣል። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ቦታው ሕዝብ የሚገለገልበት ከሆነ አረንጓዴ ይሆናል፣ ንግዱም እዚያ ይቆማል። አገልግሎት ከሌለው ግን ቀዩ አልፎት ይሄድና የእኔንና የኦቦ ገመቹን ቤት ይይዛል። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ይህ ቦታ ምን አገልግሎት ይሰጣል?»

አንደኛው ቱቦ ከእግሬ አጠገብ ነበር፤ አፉ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ። ቀኝ እግሬን አንሥቼ ላዩ ላይ አኖርኩት። የሌሎቹን አምስት አፍ አፈርና ሣር ሸፍኖት ነበር።

«ባዶ ነው» አልኳት።

ጻፈች። ፈርም አለችኝ፤ ፈረምኩ። እስክትሄድ ድረስ እግሬን አላነሣሁም።

ለምን አደረግሁት? ለልጄ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት! ግን ለልጅ ሲባል የተዋሸ ውሸት ውሸት አይደለም ወይ? ሐዊ በስምንት ዓመቷ ብትጠይቀኝ ምን እመልስላት ነበር? የዚያን ዕለት አስካለ «ቱቦዎቹን አሳየሃት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሳየኋት» አልኩ። አንዱን ውሸት ብቻውን ማኖር አልቻልኩም፤ ጓደኛ ፈለግሁለት።

የረባ ውሸታም እንኳ አልሆንኩም። የካርታውን ቀለም አንብቤ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩም። ያ ራሱን ያስተማረ ሰው ኩራት ነው፤ ያወቅሁ ሲመስለኝ ማንበብ አቆማለሁ። ፕላኑ ጸድቆ ቀዩ ቤታችን ሲደርስ ሐዊ ደስ ብሏት ፈቃድ ጠየቀች። መልሱ ሌላ ሆነ። በንግድ መስመር ላይ ያለ ቤት ቢያንስ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ማለት ባለ ሁለት ፎቅ፣ መሆን አለበት። የጭቃ ቤት ለደረጃው አይመጥንም። ባለይዞታው ወይ በደረጃው ይሠራል፣ ወይ ከሌሎች ጋር ተቀናጅቶ ያለማል፤ እስከዚያው ለአሮጌው ቤት የጥገና ፈቃድ አይሰጥም። ትናንት መኖሪያ ነው ተብላ የተከለከለችው ልጄ፣ ዛሬ ንግድ ስለሆነ ተከለከለች። እኔ ለሌላው የስንቱን ፎቅ ግድግዳ ያቆምኩ ሰው፣ ለራሴ አንድ ወለል መጨመር የማልችል ነበርኩ።

ሐዊ ጊንጪ ሄዳ ቤት ተከራይታ መደብሯን ከፈተች። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። የልጅ ልጄን የማየው በበዓል ነው።

ገላጣው ቦታ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠ። በቆርቆሮ ሲታጠር የዕድሩ አባላት ወደ እኔ መጡ። «ከበላይ የተወሰነ ነው» አልኳቸው። ኦቦ ገመቹ ግን እሺ የሚል ሰው አይደለም። ይግባኝ እንጻፍ አለ፤ ጻፍ ያለውም እኔን ነው። ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ስድስቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ ጠቀስኩ። እያንዳንዱን ቃል ስጽፍ ፊርማዬ በሌላ ወረቀት ላይ እየተቃወመኝ እንደሆነ አውቅ ነበር።

መልሱ የመጣው በኦቦ ገመቹ ስም ነው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ስለነበር አንብብልኝ ብሎ ሰጠኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን አነበብኩለት። መካከል ላይ አንድ መስመር አለች። ቦታው አገልግሎት የማይሰጥ ባዶ መሬት መሆኑ በነዋሪው ተወካይ ቃልና ፊርማ ተረጋግጧል ትላለች። ድምፄን ሳልለውጥ ዘለልኳት። እሱ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ፣ እንደ ሕፃን አምኖ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተማ ደህና አድርገህ ጽፈህ ነበር» አለኝ። ሰው እንዲህ ተደርጎ ሲጽናና ምን ይሰማዋል? ደብዳቤውን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የእሱም ቤት በቀዩ ውስጥ ገባ። ጣሪያው ሲያፈስ እድሳት ጠየቀ፤ አልተፈቀደም። እኔ መሰላል አቁሜ ቀዳዳውን በሬንጅ እደፍንለታለሁ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሌላ ቦታ ያፈሳል። ከታች ሆኖ «ኦቦ ታደሰ፣ ውረድ። አንተ ከወደቅህ ድንኳን የምንተክልበት ቦታ የለንም» እያለ ይስቃል። እኔ ከላይ ሆኜ አብሬው እስቃለሁ። ያንን ሳቅ እግዚአብሔር እንዴት እንደሚቆጥረው አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አስካለ ሞተች። ጠዋት ነበር። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው መጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ገላጣው ቦታ ላይ ሥራው ሁለተኛው ወለል ላይ የተቋረጠ፣ ብረቱ የተንጨፈረረ ሕንፃ አለ። የእኔ ግቢ ጠባብ ነው። መንገዱን እንዳይዘጉት ደግሞ የውኃ ጋሪና ባጃጅ ይተላለፍበታል። ድንኳኑን እንደያዙ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

በዚህ መካከል የእንጨት መሰበር ድምፅ ሰማን። ኦቦ ገመቹ ነው። በሁለታችን መካከል ያለውን አጥር በመጥረቢያ እየጣለው ነበር። አጥሩን ተከትሎ የተተከለ ጌሾ ነበረው። እሱ የሚያመልክ ጴንጤ ነው፣ ጠላ አፉን አይነካም። ጌሾውን የተከለው ለአስካለ ነው። «እኔ አልጠጣም፣ ጎረቤቴ ግን ትጠምቃለች» እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን እየቀነጠሰ ይሰጣት ነበር። ያንን ጌሾ ከነሥሩ እየነቀለ ወደ ኋላ ይጥላል። እጁን ያዝኩት፤ ተው፣ አጥርህ ነው፣ ደክመህ የተከልከው ነው አልኩት። መጥረቢያውን አላወረደም።

«አጥር ይሠራል» አለኝ። «አስካለን ግን ደግመን አንቀብራትም። ዞር በል፣ ወንድሜ።»

ድንኳኑ ተተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ በእሱ ግቢ ተቀምጬ ሚስቴን አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ ለእሷ ብቻ የማለቅስ መስሎት ነው። እሱ ከቀኜ ተቀምጦ፣ ቡና ሲመጣ ሲኒውን በእጄ ያስጨብጠኝ ነበር። እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሐዘን ለፈሪ ሰው ጥሩ መጋረጃ ነው።

አጥሩን መልሶ አላጠረውም። «ለሚመጣው ይሁን» አለ። ከአስካለ ወዲህ አራት ለቅሶ በእሱ ግቢ ተቀምጠናል።

ሐዊ ልጄ፣ «ይህን ከአንተ አፍ ሳልሰማ ከወረቀት ማንበቤ ነው የከፋኝ» እንዳትይኝ፤ ነገ ጠዋት ጊንጪ እመጣለሁ። ዛሬ ግን ወደ ኦቦ ገመቹ በር እሄዳለሁ፤ ራሴ እጅሽን ይዤ ወዳቆምኩሽ ወደዚያው በር። ያንን ደብዳቤ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ፤ የዘለልኳትን መስመር ሁለት ጊዜ። ከዚያ «እኔ ነኝ» እላለሁ። ማረኝ አልለውም። እሱ ቸር ስለሆነ ማረኝ ካልኩት ይምረኛል፤ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ከእጁ መውሰድ ይሆንብኛል። ምን እንደሚል እሱ ይወስን።

ግንበኛ ሥራውን ሲጨርስ የወጣውን ዕቃ ይቆጥራል። የወጣው ይህ ነው። አሥራ ሁለት በሃያ አራት እርምጃ መሬት። ኮንክሪት ሥር የቀሩ ስድስት ቱቦዎች። መጠገን የማይፈቀድላቸው ሁለት ቤቶች። አያቱን በበዓል ብቻ የሚያውቅ አንድ የልጅ ልጅ። ማንም ያልተጠቀመበት አንድ በኖራ የተቀባ ግድግዳ። ባሌ ቱቦዎቹን አሳይቷል ብላ ያመነች፣ እንዳመነች የሞተች አንዲት ሚስት። የሃያ ዓመት ጌሾ። አምስት ድንኳን፣ በአንድ ሰው ግቢ።