የሰው ጃኬት ለብሼ የተፈተንኩ ቀን

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ነው። እስካሁን የማልረሳው በአንድ ጠዋት ውስጥ ጎበዝም ሰነፍም ስለሆንኩበት ነው።

በመካኒካል ምህንድስና የተመረቅኩት «አራተኛ ትውልድ» ከሚባሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው። መርጬው አይደለም፤ ተመድቤ ነው። ምደባዬ የታወቀ ቀን ደሴ ያሉ ጎረቤቶቻችን ቤት ድረስ መጥተው እናቴን «አብሽሪ፣ ዋናው ጤና ነው» ብለዋታል። ለቅሶ የመጡ ነበር የሚመስሉት። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሰሚራ ስመ ጥር የሆነ «አንደኛ ትውልድ» ዩኒቨርሲቲ ስለደረሳት በግ ታረደ። እኔም ከበጉ በልቻለሁ፤ ጥሩ ሥጋ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ከዓመት በላይ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። አባቴ ታሞ ቤት ከዋለ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እናቴ ብቻዋን ስለነበረች፣ ያን ሥራ ማግኘት ለእኔ የግድ ነበር።

የፈተናው ቀን ደሴ በዝናብና በጉም ተሸፍናለች። ደህና ልብስ ስላልነበረኝ ሰሚራ የመመረቂያ ጃኬቷን አዋሰችኝ። ተመራቂዎች በጋራ የሚያሠሩት ዓይነት ነው፤ የዩኒቨርሲቲዋ ስም ጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ ተጽፏል። ወላሂ የለበስኩት ለብርዱ ብቻ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ጀርባዬን አንብበው «ማሻአላህ! የኔ ልጅም እንዳንቺ እንድትሆን ምን ላድርግ?» አሉኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ መከርኳቸው። ሥራ ፈት ሰው ምክር አያጥረውም።

ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው ሌሎቹን ተፈታኞች «ተሰለፉ!» ብሎ ሲጮህባቸው፣ እኔን ግን «ኢንጂነር፣ ይለፉ» አለኝ። በዲግሪዬ ያላገኘሁትን ማዕረግ በጃኬት አገኘሁት።

ፈተናው የተግባር ነበር። ፈታኙ ጋሽ ይመር የሚባሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አንጋፋ የጥገና ባለሙያ ናቸው። ተራ በተራ የተበላሸ ማሽን ፊት ያቆሙንና «ምን ሆኗል?» ይላሉ። የሰው ኃይል ኃላፊው ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ነጥብ ይይዛል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለ ሸሚዝ ልጅ ግራ ገብቶት ማሽኑን ደጋግሞ ዞረው እንጂ ብልሽቱን አላገኘም። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ በየሜዳው ዩኒቨርሲቲ ከፍተው ጨረሱን!» አለ።

የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ የውኃ ፓምፕ አስነሡልኝ። ድምፁን ሰማሁ፣ አስጠፋሁት፣ ዘንጉን በእጄ አዟዟርኩትና «ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ አልቋል» አልኩ። ጋሽ ይመር ፈትተው ሲያዩት እንዳልኩት ሆኖ ተገኘ።

«አያችሁ? የትምህርት ጥራት ማለት ይኸ ነው!» አለ ኃላፊው ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «መሠረት ያለው ዩኒቨርሲቲ ያስታውቃል!»

ዩኒቨርሲቲው ሰሚራ የተማረችበት እንጂ እኔ የተማርኩበት አይደለም ማለት እችል ነበር። ግን ምስጋናው ጣፈጠኝ።

ከዚያ ኃላፊው የትምህርት ማስረጃችንን ሰበሰበ። የእኔን ገልጦ አነበበ፣ ጃኬቱን አየ፣ መልሶ አነበበ።

«ጃኬቱስ?»

«የአክስቴ ልጅ አውሳኝ ነው። ደሴ ይበርዳል» አልኩት።

ማስረጃዬን አጠፈና «ለነገሩ ኩሽኔታ በግምትም ይገኛል» አለ። ባለ ሸሚዙ ልጅ ደግሞ የሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆኖ አረፈው! «አንተማ ደንግጠህ ነው እንጂ ታውቀዋለህ» አለው፣ አባት ለልጁ በሚናገርበት ድምፅ።

ጋሽ ይመር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እኔ የምፈልገው ይችን ልጅ ነው። ያንን ወረቀት ፓምፑ ላይ ልለጥፈው ነው?» አሉ። የሚሰማቸው አልነበረም።

ውጤት ሲለጠፍ ልጁ አለፈ፤ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። ያን ቀን እስከ ቤት አልቅሻለሁ። ልጁ ግን ወር ሳይሞላው አዲስ አበባ የተሻለ አግኝቶ ሄደ፤ እኔም ተጠራሁ። ኃላፊው ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ይቺን መርጬ ያመጣኋት እኔ ነኝ» እያለ ያስተዋውቀኛል።

ታሪኩን ለሰው ስናገር እዚህ ላይ አቆመው ነበር፤ ያስቃል። ባለፈው ወር ግን ጋሽ ይመር ጡረታ ስለወጡ ፈታኟ እኔ ሆንኩ። አንዲት ልጅ ገባች። ገና ስሟን ሳልጠይቅ «የት ነው የተመረቅሽው?» አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእኔኑ ዩኒቨርሲቲ ጠራች። በልቤ «ይችማ አትችልም» አልኩ።

ማሽኑን አስነሥታ ብልሽቱን ወዲያው ነገረችኝ። ሌሎቹን በአንድ ማሽን ፈትኜ አሰናብቻለሁ፤ እሷን ግን ሁለተኛ ማሽን ፊት አቆምኳት። እሱንም አገኘችው።

አሁን አብራኝ ትሠራለች። ለምን እሷን ብቻ ሁለት ጊዜ እንደፈተንኳት ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንዳትጠይቀኝ እፈራለሁ።