ጎላችን የጠፋ ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኳስ ሜዳ ብወርድ... ጎሉ የለም! ኳሱ አላልኩም፣ ጎሉ! የአንደኛው ወገን ሁለቱ ቋሚዎች ከነአግዳሚያቸው ተነቅለው ሄደዋል። ጉድጓዶቹ ብቻ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

ይህ የሆነው ወልድያ ነው፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ። ኳስ ሜዳ ስላችሁ ደግሞ ሣርና ወንበር ያለው እንዳይመስላችሁ። ከብት የሚውልበት ሜዳ ላይ ስድስት የባሕር ዛፍ እንጨት... በቃ፣ ስታዲየማችን ይኸው ነው። እሑድ ከጎረቤት ከተማ ከመርሳ ጋር ግጥሚያ ስለነበረን ዓርብ ከሰዓት እንጨቶቹን በምስማር መትቼ ኖራ የቀባሁት እኔ ነኝ። ኖራው ገና አልያዘም፣ ሲነኩት ይለቅ ነበር።

ወዲያው የጠረጠርኩት ይመርን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ይመር አጥቂያችን ነው፣ ግን የመርሳ ልጅ ነው። ዛሬ እናንተ ዝውውር የምትሉትን ያኔ የምንፈጽመው ሥራ በማስቀጠር ነበር። ኳስ የሚገዙልን፣ የቡድናችን አባት የምንላቸው ጋሼ ሞገስ ጋራዥ ነበራቸው። ይመርን ከመርሳ አምጥተው መፍቻ አስያዙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ እኔ ከማያምኑት ወገን ነበርኩ።

ደግሞ በባዶ ሜዳ አይደለም። ዓርብ ዕለት ይመር ከመርሳ አውቶቡስ ከወረደ ሰው ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የሆነ ነገርም በጨርቅ ተቋጥሮ ተሰጥቶታል። ታዲያ ምን ልበል? ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከኋላው አልተለየሁም።

ዕለቱ የጋሼ ሞገስ ልጅ ሠርግ ነበር። ከሰዓት ሁላችንም ዳሱ ውስጥ ነን፣ ግን ማን ሙሽራ ያያል? ወሬው ሁሉ ጎል ሆነ።

አያ ደምሴ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ብርሌውን እንደጨበጠ ጀመረ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ! የትምህርት ቤት ልጆቻችን ደሴ ሄደው ዋንጫ ይዘው ሲመጡ ከመርሳ የመጣ ሰው ነበራቸው? የራሳችንን ልጆች በትነን የሰው አጥቂ እንለምናለን!»

«አያ ደምሴ፣ እነዚያ ልጆች እኮ ዛሬ ቦርጭ አውጥተዋል» አልኩት።

«ያውጡ! ጎል ግን አልሰረቁም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመር ብቻ ከሙሽሮቹ ጎን ያለውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ምሰሶው እንደሌሎቹ በቅጠልና በቀለም ወረቀት ተጠቅልሏል።

ጋሼ ሞገስ እንግዳ ማስተናገዱን ትተው መጡ። ያን ያህል ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

«ይህ ልጅ ነገ ሜዳ እንዳይገባ! ሰኞም ወደ መርሳው ይሂድልኝ። ጋራዤን ለሰላይ አልከፈትኩም!»

ይመር እናቱን የሚጦረው በዚያች ሥራ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ልጁ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እናቴን ይንሳኝ፣ አልነካሁም!» ብሎ ከምሰሶው ተነስቶ ወደሳቸው ራመድ አለ። ያኔ ጀርባውን አየሁት። ጥቁር ኮቱ ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል!

«ኖራ!» ብዬ ጮህኩ። «የኔ ኖራ ነው! እንጨቱን ሲሸከም ነው! ተያዘ!»

አያ ደምሴ ዘሎ ኮሌታውን አነቀው። ይመር ግን አልታገለም፣ ወደኔ ዞረ።

«አንተ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ ነህ። ጀርባዬን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዳሱ ስንገባ ነጭ ነበር?»

ኧረ በስማም... አልነበረም። ምን ብዬ ልካድ? ጥቁር ነበር።

ታዲያ ከየት መጣ? ዓይናችን ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ። የቀለም ወረቀቱ ተልጦ ሥሩ ነጭ ይታያል። ሄጄ ቅጠሉን ገፈፍ ባደርገው... ራሴ የመታሁት፣ የተጣመመው ምስማሬ! ማዶ ያለውን ምሰሶ ገለጥኩ፣ እሱም ነጭ። ቀና ስል አግዳሚያችን ጣሪያውን ተሸክሟል። ሙሽሮቹ ለካ ጎላችን ውስጥ ነው የተቀመጡት!

ጋሼ ሞገስ ላብ አጠመቃቸው።

«እንግዳው በዛብኝ... ዳሱን ላሰፋ ብል እንጨት አጠረኝ። ሰኞ ልመልሰው ነበር እኮ!»

«ጋሼ፣ ግጥሚያው ነገ ነው!» አልኳቸው።

«አንደኛው ጎል አለላችሁ አይደለም?»

ወይ ጉድ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው። አያ ደምሴ ይመርን ለቆ እንጨቱን ሊነቅል ሲነሳ ሚዜዎቹ ተረባርበው ያዙት። ቢነቅለው ኖሮ ዳሱ ሙሽራዋ ላይ ነበር የሚወርደው።

ይመር ኮሌታውን አስተካከለ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ነገ ለማን ልጫወት?»

ጋሼ ሞገስ እንግዳውን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«ለኛ ነዋ ልጄ... ሰኞም ሥራህ ላይ ትገኛለህ። ማንም አይነካህም።»

እሑድ በአንድ በኩል ድንጋይ ከምረን ተጫወትን። መርሳዎች በተራቸው «እንዳይቆጠርባችሁ ነው ጎሉን የነቀላችሁት!» ብለው ጠረጠሩን። ይመር በዚያው በሁለቱ የድንጋይ ክምር መሃል አስቆጠረባቸው። በጨርቅ የተቋጠረውም እናቱ የላከችለት ቆሎ ኖሯል፣ ለኔም ዘግኖልኛል።

አንድ ነገር ግን ለዓመታት ከነከነኝ። ዳሱ ውስጥ ያ ሁሉ ምሰሶ እያለ ለምን ያንኑ ተደገፈ? ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ አንድ ቀን ያዝኩት።

«ይመር ሙት፣ እውነቱን ንገረኝ። አውቀህ ነው?»

ከት ብሎ ሳቀብኝ።

«አጥቂ አይደለሁም እንዴ? ጎል የት እንዳለ ይጠፋኛል?»

ይኸው እስከ ዛሬ ሠርግ ስጠራ ከሙሽሮቹ በፊት የማየው ምሰሶውን ነው።