ፀሐይ መውጫ በስንት ዓይነት ይጻፋል

ፈርሂያ ሀምዱ ከስድስት ዓመት የሻርጃ ሥራ በኋላ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ፣ ከሻንጣዋ የወጣው ትልቁ ዕቃ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነበር። ጎረቤቱ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ሲጠብቅ እሷ ይህን ጠረጴዛ ላይ ብታኖረው፣ እናቷ «በስድስት ዓመት ያፈራሽው ይኸው ብቻ ነው?» አሏት። ፈርሂያ ሳቀች እንጂ አልከፋትም። ምን ይዛ እንደመጣች ታውቃለች።

የሠራችበት ቤት እመቤት አስተማሪ ነበሩ። የልጃቸውን አሮጌ ላፕቶፕ ሰጥተዋት፣ ከሥራ በተረፋት ሰዓት ድረ ገጽ አሠራርን በዐረብኛ ከሚያስተምሩ ነጻ ትምህርቶች ለቃቀመች። ለዚህ ያነሣሣት ንዴት ነው። የአገሯን ወሬ ለማየት በስልኳ የከፈተችው ገጽ ሁሉ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ካርዷን ይበላና ሳይከፈት ይቀራል። ቢከፈትም ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቶ ግማሹ አይነበብም። «የሚሠሩት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን ማድቤት ቆሞ ነው» ትል ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ዐረብ አገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ያቋቋሙት ማኅበር ለስብሰባ ጠራት። ሊቀ መንበሩ ጋሼ እንዳልካቸው ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ማኅበሩ ከሌላ ከተማ ባለሙያ አስመጥቶ ድረ ገጽ አሠርቷል፤ እሷ እንድትጠብቀው ነበር የፈለጓት። መግቢያው ላይ የአምባ መቅደላ ትልቅ ፎቶ አለ። የቤተሰቦቹ ዝርዝር በእጅ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የገባ ነው። እሱንም ለማየት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ እስቲ በራስዎ ስልክ ይክፈቱት» አለች ፈርሂያ።

ከፈቱት። ቃለ ጉባኤ ተነበበ፣ አንደኛው አጀንዳ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። በጋሼ ስልክ ላይ ግን ከአምባው ጫፉ ብቻ ነበር የታየው።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ኔትወርኩማ ይኸው ነው፤ ከሱ ጋር ነው የምንኖረው። ደግሞ የይለፍ ቃሉ ለምን አስፈለገ?»

«ማንም ዘው ብሎ እንዳይገባበት ነዋ!»

«ጋሼ፣ የምንፈልጋት ልጅ እኮ ለማሽኑ ‹ማንም› ናት። በሩን የዘጋነው በሷ ላይ ነው።»

ከኋላ መደዳ ወይዘሮ የሻለም የሚባሉ፣ ፀሐይ መውጫ ከምትባል መንደር የመጡ ገበሬ ተነሡ። ልጃቸው የኔአለም ኩዌት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትደውል ነበር፤ ኋላ የቤቱ ስልክ ወንዝ ሲሻገሩ ወድቆ ቁጥሯም ቁጥራቸውም አብሮ ጠፋ።

«በየቢሮው ጠየቅሁ» አሉ። «የኔአለም የምትባል የለችም ይሉኛል። ለካ ደላላው ፓስፖርቷን ሐዋ ሰይድ ብሎ ነው ያወጣላት። እንግዲህ በምን ስሟ ልጥራት?»

ፈርሂያ ይህን ስትሰማ ሐሳቡ ተገለበጠላት። «እትዬ፣ እንግዲያው እኛ እሷን አንፈልጋት። እሷ እኛን ታግኘን። ስሟ ቢለወጥ የመንደሯ ስም አልተለወጠም።»

ጋሼ እንዳልካቸው ቅር እያላቸው ሁለት ወር ፈቀዱላት።

ፈርሂያ የቆየውን ሁሉ ጥላ ከባዶ ጀመረች። ፈቃደኛ ለሆነ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ገጽ፤ ፎቶ የለ፣ የሚንቀሳቀስ ጌጥ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። የመንደሩ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ በአቅራቢያው ያለው መስጊድ ወይም ደብር፣ ሰዉ ቤቱን የሚጠራበት ቅጽል። የልጆቹን ስም ግን አላስገባችም፤ የቤተሰቡንም ስልክ አልጻፈችም። ደላላና አታላይ እንዳያስቸግራቸው የማኅበሩን ቁጥር ብቻ፣ በአውራ ጣት እንዲነካ አድርጋ አስቀመጠች። የደወለችው እውነተኛዋ ልጅ መሆኗ እንዲታወቅ የምትጠየቀውን አንድ ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በጆሮዋ ነገራት። እትዬ የሻለም የነገሯት የኔአለም በልጅነቷ ለአንድ ጥጃ ያወጣችለትን ስም ነበር።

ገጹን የሞከረችው በላፕቶፑ አይደለም። ከገበያ ትንሹን ስልክ ተውሳ ወደ አጅባር የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ኔትወርኩ በየዳገቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት መንገድ ሁሉ ገጹን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከላይ ያደረገችው ባለ ቀለም ማስጌጫ እንኳ እንደሚያዘገየው አይታ፣ ስትመለስ ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ቁልቁለቱም ላይ ቢሆን ይመጣ ጀመር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። የደወለ የለም። ደሴ ያሉ ወጣቶች በየፌስቡካቸው ማገናኛውን ለጥፈውላታል፤ ጎግልም ገጹን አውቆታል። ታዲያ ምን ጎደለ? አንድ ቀን ስልኳን ይዛ ገበያ ወጣችና፣ ያገኘቻቸውን አሥራ ሁለት ሴቶች «ፀሐይ መውጫ ብላችሁ ጻፉልኝ» አለቻቸው። ሰባት ዓይነት ሆኖ ተጻፈ። አንዷ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላዋ በፀሐዩ ፀ፤ አንዷ በሐመሩ ሐ፣ ሌላዋ በሀሌታው ሀ፤ ደግሞ «መዉጫ» ያሉ ነበሩ። ፈርሂያ የጻፈችው አንዱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጋሼ እንዳልካቸው ቤት ሄደች። ከየገጹ ግርጌ «እንዲህም ይጻፋል» ብላ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ልትደረድር መሆኑን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እኔ በሕይወት እያለሁ? ተማሪ በዚህ ፊደል ስቀጣ ኖሬ፣ አሁን ስሕተቱን ባደባባይ ላውጣው?»

«ጋሼ፣ እነዚያን ልጆች እርስዎ አላስተማሯቸውም እንዴ? ስድስተኛ ክፍል አቋርጠው ሄዱ። ፊደል አሳስታ ስለጻፈች እናቷን አታግኝ?»

ጋሼ ቁጭ አሉ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ዝርዝሯን ተቀብለው አነበቡ።

«‹ጸሓይ›ን ረስተሻል» አሉ። «እሱም አለ። እስክሪብቶ አምጪ።»

ሦስት ቀን አብረው ተቀምጠው የአርባ አንድ መንደር ስም ሊሳሳት የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ጻፉ። ሠላሳ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ያረሙትን ስሕተት ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ የማኅበሩ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ይኼ… ገጹ ላይ ያለው ነው? የፀሐይ መውጫው፣ የወይዘሮ የሻለም?» አለች አንዲት ሴት፣ ቃሉን እንደሚፈራ ሰው።

«አዎ እኅቴ፣ አብሽሪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅ ሆነሽ ስም ያወጣሽለት ጥጃ ነበር፤ ማን አልሽው?»

ከወዲያ ማዶ ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣ። «ሻምበል! ያረቢ፣ ሻምበል አለ እንዴ?»

ፈርሂያ ስልኩን ይዛ ሮጠች። እትዬ የሻለም እህል ተራ ባቄላቸውን አፍስሰው ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ላይ አስደገፈችላቸው።

«የኔአለም?» አሉ። ሰሙ። ደግመው ሰሙ። «ድምፅሽ ወፈረ» አሉ። ባቄላውን ጎረቤት ሰብስቦ አነሣላቸው።

የኔአለም ኋላ እንደነገረቻት፣ ስልኩ የሷ አልነበረም፤ አብራት ከምትሠራ ፊሊፒናዊት ለጥቂት ደቂቃ የተዋሰችው ነው። «ማንንም ልፈልግ ብዬ አልነበረም» አለች። «ያገሬን ስም በፊደል ልየው ብዬ ነው የጻፍኩት። እናቴ ወጣች።» ጽፋው የነበረው «ጸሀይ መዉጫ» ብላ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ዘጠኝ ልጆች በዚሁ መንገድ ተገኙ። ወሬው ተሰማና ከኩታበር አሕመድኑር የሚባል ሰው የዚያን አካባቢ ወላጆች ማኅበር ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ አሠራሩን ለመውሰድ ፈቃድ እንድትሰጣቸው ነበር የሚለምነው። ፈርሂያ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ሥራውን በሙሉ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው።

«ቅዱት፣ ለውጡት፣ ለሌላም ስጡ። ፎቶ እንጨምርበት ካላችሁ ግን መጀመሪያ አውቶቡስ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩት።» ጋሼ እንዳልካቸው የኩታበርን ቀበሌዎች ስም ለማጻፍ ራሳቸው አብረውት ተሳፈሩ።

ሁሉም አልተገኙም። እትዬ አልታዬ የሚባሉ እናት አሁንም በየወሩ መጀመሪያ ይደውላሉ። ምንም ሌላ ነገር አይጠይቁም።

«ገጼ አለ?» ይላሉ።

«አለ እትዬ» ትላቸዋለች ፈርሂያ፤ መልስ ከመስጠቷ በፊትም ሁልጊዜ ስልኳን አውጥታ ትከፍተዋለች። «አሁን አየሁት። ቶሎ ነው የተከፈተው።»