የባጃጅ ማቆሚያዋ ድንጋይ

ወላሂ አታምኑኝም! ልጅ ሳለሁ፣ ከሚሴ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ስል፣ ሐጅ በእግሩ የሄደ ሰው የሚደክመውን ያህል ደክሜያለሁ። ትምህርት ቤትን በአጥሩ ቀዳዳ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝና የተመረቅሁት እዚያች ድንጋይ ላይ ነው። ጎረምሶቹ ከሰዓት በኋላ ይደረደሩባታል፤ የምታልፍን ሴት ለክፎ አንገቷን ያስደፋ «ወንድ!» ይባልና ቦታ ይለቀቅለታል። በአሥራ ሦስት ዓመቴ እኔም ተለቀቀልኝ። ያኔ መቀመጫዬ ከቡጢ አይበልጥም፤ ግማሽ ከሚሴን የሞላሁ ግን መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቴ ዘይነባ ደብተሯን ታቅፋ ከትምህርት ቤት መጣች። ከጎኔ ያለው ጎረምሳ፣ «ምነው ቆንጆ፣ ሰላምታም ሐራም ሆነ እንዴ?» አላት። ሌላው እግሩን ዘርግቶ መንገዷን ዘጋ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ሳቅሁ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ዘይነባ በቦርከና ወንዝ ዳር፣ በማሽላው መሀል እየዞረች ስትመጣ ይመሽባት ጀመር። አባታችን አንድ ቀን፣ «የት እንደምታመሺ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት የለም!» አላት። የምታመሽበትን ምክንያት አውቃለሁ። ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ የምታዞረው ምላሴ ግን ያን ቀን ደረቀች።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የአገዳው ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ ራት ስንበላ፣ አጎታችን አያ ሰይድ ፍሙን እየቆሰቆሰ እንደ ልማዱ ተረት ጀመረ። ጅብ የወንዝ መሻገሪያ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሚዳቋዎቹ እሱን ሸሽተው በገደል ሲዞሩ ይሰበራሉ። ሲከሰስ፣ «እኔ ማንን ነካሁ? ተቀምጬ ፀሐይ ሞቅሁ እንጂ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዘይነባ ጎን የተቀመጥሁት እኔ ግን ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደረብሁ።

ዛሬ ዘይነባ አስተማሪ ናት። ድንጋይዋ ግን አሁንም አለች፣ ጎረምሳም አላጣችም፤ ልጄ በዚያ በኩል ስታልፍ ከኋላዋ እከተላለሁ። እህቴን ወደ ትምህርቷ የመለሳት የኔ ወንድነት እንዳይመስላችሁ፤ የራሷ ምላስ ነው። ያን ማታ አያ ሰይድ ተረቱን ጨርሶ፣ «እንግዲህ ያ ጅብ የት የገባ ይመስላችኋል?» ሲለን፣ ዘይነባ አባታችን ፊት ነገሩን አፈነዳችው፦

«የት ይገባል አያ! ይኸው ከጎኔ ቁጭ ብሎ ራቱን ይበላል!»