እቴቴ የጎነጎኑት ፀጉር

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ፀጉሩ ትከሻው ላይ ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይዤው በሄድኩበት ሁሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ጉንጩን እየነካ «ስምሽ ማነው፣ ቆንጆ?» ይለዋል። «ወንድ ነው» እላለሁ። «ታዲያ ለምን አትቆርጪውም?» ይሉኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ስናገረው ደስ አይለኝም ነበር። ስለት አለበት። የተሳልኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው።

የምሠራው ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ተሸምኖ የሚወጣው ብርድ ልብስ ጉድለት እንዳይኖረው እቆጣጠራለሁ። ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲል መሥሪያ ቤቱ ለአሥር ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ላከኝ። አልሄድም ብል ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ስንመካከር ሰነበትንና ልጁን አንኮበር፣ ጎረቤላ ለሚኖሩት ለባለቤቴ ታላቅ እህት ሰጠናቸው።

እቴቴ ነው የምንላቸው፤ ባለቤቴም፣ እኔም፣ በኋላ ደግሞ ልጁም። የቄስ ልጅ ናቸው። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እናታቸው ሲሞቱ ግን ሕፃን የነበረውን ባለቤቴን በጀርባቸው አዝለው አሳድገውታል። ልጁን ስሰጣቸው ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይተው «አይዞሽ፤ አባቱንም ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ያኔ ንግግራቸው አጽናናኝ። ከወራት በኋላ ሳስታውሰው ግን ያበሽቀኝ ጀመር።

በሄድኩ በአራተኛው ወር ልጁ በሳንባ ምች ታመመ። የተነገረኝ ከዳነ በኋላ ነው። እቴቴ በዚያ የአንኮበር ውርጭ ማልደው አዝለውት ጤና ጣቢያ ወስደውታል። ሦስት ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሰንብተዋል። በሁለተኛው ቀን ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰፈራቸው ላለችው ማርያም ተሳሉ። ልጁ ከተረፈ ፀጉሩን መቀስ ሳያስነኩ ያቆዩትና ለኅዳር ጽዮን ደጇ ወስደው ያስላጩታል።

በስልክ ይህን ሲነግሩኝ እያለቀስኩ አመሰገንኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከምስጋናው ሥር ሌላ ነገር እንዳለ ታወቀኝ። ልጄ ሊሞት ሲል አጠገቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የለመኑለት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ባደገ ቁጥር እኔ ያልነበርኩበት ጊዜ አብሮ የሚያድግ ይመስለኝ ነበር።

ፈቃድ የማይሰጥበትን ሥልጠና ጨርሼ መስከረም ላይ ጎረቤላ ሄድኩ። እቴቴ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ልጁ ከኋላቸው ነው። ፀጉሩ በቀጭኑ ተጎንጉኖ፣ ጫፉ በቀይ ክር ታስሯል። ብስኩት ይዤ ተንበረከክሁ። ወደ ኋላ ሸሸና ቀሚሳቸውን ጨበጠ።

«ሂድ አባቴ፤ እማ ናት እኮ» አሉት።

ቀስ ብሎ መጣ። ብስኩቱን ከእጄ ወሰደና ፊቴን እንኳ ሳያይ ተመልሶ እሳቸውን አጎረሳቸው። እቴቴ አፍረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ልጁ እስኪለምደኝ ድረስ እቴቴ ደብረ ብርሃን መጥተው ከኛ ጋር እንዲሰነብቱ ተስማማን። ለኅዳር ጽዮን አብረን ጎረቤላ እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው እዚያው ይቀራሉ። የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነው። አንዱን ለሳቸው ለቀቅንላቸው፤ ልጁም ከሳቸው ጋር ማደሩን ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ግቢውን ስትሞላው ውሃ አሙቀው ፀጉሩን ያጥቡታል። አድርቀው፣ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ አስነክተው፣ ጭናቸው መሐል አስቀምጠው በሚዶ እየከፈሉ ይጎነጉኑታል። ከኔ ጋር አንድ ደቂቃ መቀመጥ የማይችለው ልጅ እሳቸው እጅ ላይ ሲሆን ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ልብስ እያሰጣሁ በአንሶላው ጎን አያቸዋለሁ። የትኛው ጎን ሲነካ እንደሚያመው ያውቃሉ። ከጆሮው ጀርባ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ እሷን በአውራ ጣታቸው ከልለው ነው የሚያበጥሩት። ያቺን ጠባሳ እኔ አላውቃትም ነበር። መቼ እንደወጣች ጠይቄያቸውም አላውቅም።

አንድ ቀን እሳቸው ገበያ ሲሄዱ ሚዶውን አንሥቼ ጠራሁት። ገና አንድ ጊዜ ስስበው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እምቢ። እቴቴ» አለኝ።

ከባዱ ነገር ደግሞ እሳቸውን የምጠላበት ምክንያት አለመኖሩ ነው። ከሥራ ስመለስ ምሳዬ ተከድኖ ይቆየኛል። ልጁን «ለእማ ስጣት»፣ «እማን ሳማት» እያሉ ወደ እኔ ይገፉታል። አንዳንዴ ይመጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር ግን ይበልጥ የሚያበግነኝ ያው መግፋታቸው ነበር። እንዳልቆጣቸው እርስዎ እያልኩ የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ አፌ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ንዴቴን ፀጉሩ ላይ አደረግሁት።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ «ይሄን ፀጉር ልናስቆርጠው ይገባል» አልኩት። «ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው። ሰው ሁሉ ሴት ነው የሚመስለው።»

«ኅዳር ጽዮን እኮ አንድ ወር ነው የቀራት። ምን ያስቸኩልሻል?»

«ልጁ የኔ ነው።»

«ማን አይደለም አለሽ?»

«አይደለም» ያለኝ ማንም አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ጎረቤላ ዘመድ ሞተና እቴቴ ለቅሶ ሄዱ። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «ቅዳሜ ፀጉሩን እንዳታጥቢው፤ ብርዱ ጠንክሯል። ስመጣ እኔው አጥበዋለሁ» አሉኝ። ለልጁ አዝነው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሰው የራሱን ዕቃ አደራ ሰጥቶ የሄደ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ፀጉር አስተካካዩ ሸምገል ያለ፣ ለስላሳ ሰው ነው። በወንበሩ እጀታዎች ላይ ጣውላ አጋድሞ ልጁን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው።

«የመጀመሪያው ነው?»

«አዎ።»

«እንዲህ ሲሆን ሰው አባቱንም፣ አያቱንም ይዞ ነው የሚመጣ። ብቻሽን ነሽ?»

«አባቱ መንገድ ላይ ነው።»

አንዷን ጉንጉን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ተመለከታት። «እጅ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው። አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩት።

ያቺን ውሸት ዛሬም ድረስ አልረሳኋትም። ማንም አላስገደደኝም፤ ሰውዬውም ቢሰማ ባይሰማ ግድ አልነበረውም።

ቶንዶሱን አስነሥቶ ከማጅራቱ ጀመረ። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ጀርባ አንድ መሥመር ሲወጣ አንዷ ጉንጉን ከነቀይ ክሯ መሬት ወደቀች። ልጁ መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር፤ ጉንጉኗ ስትወድቅ አያትና ጮኸ። «እቴቴ» እያለ ነበር የሚጮኸው። ክንዶቹን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን እኔን አያየኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን ነው የሚያየው።

ሰውዬው ማሽኑን አጠፋው። «እቴቴ ማናት?»

«አክስቱ ናቸው።»

«እሳቸው ባሉበት ብታመጪው ይሻላል። እንዲህ እየተወራጨ ብቀጥል ቆዳውን እጎዳዋለሁ።»

ኮፍያውን እስከ ጆሮው አጠለቅኩለት። ጉንጉኗን አንሥቼ በሶፍት ጠቀለልኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ቤት ስንደርስ ልጁ የእቴቴ ክፍል ገብቶ አልጋቸው ሥር ተቀመጠ። ምሳ ሳይበላ ዋለ።

እቴቴ የተመለሱት ሰኞ ከሰዓት፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ልጁን ከጎረቤት ከወሰድኩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምላቸው ሳዘጋጅ ሰንብቼ ነበር። ተባይ አየሁ ልል አስቤ ነበር፤ ማስቲካ ተጣበቀበት ልል አስቤ ነበር። ልጁ አላስዋሸኝም። ሮጦ ተጠመጠመባቸው፣ ኮፍያውን አውልቆ ጣለ፣ ማጅራቱን በመዳፉ እያሸ «ዝዝዝ» አላቸው።

እቴቴ ዞር አድርገው አዩት። በተላጨው መሥመር ላይ ጣታቸውን ከታች ወደ ላይ ወሰዱት።

«ደማ?»

«አልደማም።»

«ደህና።»

ነጠላቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የተዘጋጀሁት ለቁጣ ነበር፤ ዝምታቸውን የምይዝበት አጣሁ። ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እቴቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለቱን ታውቂዋለሽ። ለምን ቆረጥሽው?»

«ቀንቼ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ላይ ቀንቼ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። «ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«አዲስ አበባ ሳለሽ ስትደውዪ ተኝቷል እልሽ አልነበር?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ ተኝቶ አልነበረም። እግሬ ሥር ሲጫወትም ተኝቷል ብዬሻለሁ። ድምፅሽን የሰማ ዕለት ስልኩን ይስመዋል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ያያል። እኔ አበላዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አዝለዋለሁ፤ እሱ አንቺን ይጠብቃል። አልቻልኩም። ኔትወርክ የለም እያልኩም የዘጋሁብሽ ጊዜ አለ። ለንስሐ አባቴ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።»

ተቃቅፈን ተላቀስን ብል ደስ ባለኝ። አልሆነም። ደሜ ፈላ። እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች አስታወስኩ፤ ከክፍል ወጥቼ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ስደውል፣ «ተኝቷል» ሲሉኝ፣ ስልኩን ይዤ ስቀር። ያ ሁሉ ጊዜ ልጄ ነቅቶ ነበር። በሩን ያይ ነበር። ተነሥቼ ገባሁና እስኪመሽ አላናገርኳቸውም።

በማግሥቱም ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ብርድ ልብሶቹን ስፈትሽ ስውል ግን እሳቸውን ለመክሰስ የምጀምረው ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔው ጋ ይመጣ ጀመር። እሳቸው ድምፄን ደበቁ፤ እኔ ስለታቸውን ላጨሁ። ማናችንም ልጁን ጠይቀን አልነበረም። ረቡዕ ማታ ራት ላይ ጉንጉኗን ከሶፍቱ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

«ለአባ ደውዬላቸው ነበር» አሉኝ። «የወደቀውንም የቀረውንም ይዛችሁ ኑ ነው ያሉኝ። ሕፃኑ ምንም አላጠፋም አሉ።» «እኛን ግን ተቆጥተዋል» ብለው ጨመሩ። ማክሰኞ ከመንገድ የገባው ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እስከ በዓሉ ድረስ ልጁ ያን መሥመር ይዞ ከረመ። ቅዳሜ ቅዳሜ እቴቴ ሲያጥቡት ሳፋው አጠገብ ያስቀምጡኛል። ጠባሳዋንም ያሳዩኝ ያን ጊዜ ነው፤ መራመድ ሲጀምር ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ከኋላ ያለችውን አንዲት ጉንጉን እኔ ሠራኋት። ጠማማ ነበረች። አላፈረሷትም።

ለኅዳር ጽዮን ጎረቤላ ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ እቴቴ ነጠላቸውን ዘረጉና ልጁን ታቅፈው ተቀመጡ። መቀስ ከመቀነታቸው አወጡ። ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ እጀታውን ወደ እኔ አዞሩት።

«ስለቱ የርስዎ ነው» አልኳቸው።

«የኔ ድርሻ ማምጣት ነበር፤ አመጣሁት። ነይ፣ ሳይነቃነቅ።»

እኔ ቆረጥኩ፤ እሳቸው እያንዳንዷን ጉንጉን እየተቀበሉ ከወደቀችው ጋር አኖሩ። ልጁ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። የሚያረጋጋው የሳቸው ደረት እንጂ የኔ እጅ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ እዚያው፣ መቀሱን እንደያዝኩ፣ እንደገና ቀናሁ። ግን መቁረጤን አላቆምኩም።

በማግሥቱ ሚኒባስ ስንሳፈር እቴቴ ቀሩ። ልጁ በመስኮቱ እየተንጠራራ አለቀሰ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት «ምነው፣ እናቱ የለችም?» አለች።

«እናቱ እኔ ነኝ» አልኳት።

መንገዱ ሜዳው ላይ እስኪወጣ አለቀሰ። ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ፤ ግማሹን ቀሚሴ ላይ አፍስሶ ጠጣና ተኛ። ከመቀሱ በኋላ እቴቴ በምላጭ የጨረሱት ራሱ ክንዴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ቤት ስንገባ ቀድሞኝ የእቴቴን ክፍል ከፍቶ አየ። ወደ እኔ ዞሮ «እቴቴ የታለች?» አለኝ።

«ጎረቤላ ናቸው። ለገና እንሄዳለን።»

ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ተከተለኝ፤ ራት እስካቀርብ ድረስም እግሬ ሥር ተቀምጦ በድስት ክዳን ይጫወት ነበር።