ባዶ የተባለው ሲሊንደር

ስለ ታላላቅ ሰዎች በቂ ወረቀት ባክኗል። ጄኔራሉ ፈረሱን፣ ሚኒስትሩ የምረቃ መቀሱን፣ ነጋዴው ሆዱን ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ግድግዳውን ሁሉ ሞልቶታል። ለአንድ የቢራ ታንክ አጣቢ ግን እስከ ዛሬ ሁለት መስመር የጻፈለት የለም። ስለዚህ እኔ ልጻፍለት። ይገባዋል ብዬ አይደለም፤ ቅናት ምን ያህል ትጉህ ሠራተኛ እንደሆነ ከእሱ አብልጦ የሚያሳይ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

ሰፈሩ «ቴርሞሜትር» ይለዋል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ እሱ የመስታወት ቴርሞሜትር ይሰካል። ሾርባ ሲቀርብለት ይለካል። በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ የሙሽሮቹን ሻምፓኝ ለክቶ «ሁለት ዲግሪ ሞቋል» በማለት አማቾቹን አስቀይሟል። ሃያ ሰባት ዓመት በቢራ ፋብሪካው ታንክ አጥቧል፤ በጠባቧ በር እየሾለከ ገብቶ፣ በብሩሽ እየፈተገ፣ ከአንገቱ እስከ እግሩ ላብና ሳሙና ሆኖ ሲወጣ ኖሯል። በነዚያ ሃያ ሰባት ዓመታት የጠመቃ ክፍሉን ደጃፍ የረገጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የፈሰሰ ነገር እንዲወለውል ተጠርቶ። ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙት። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ።

እሱ ግን አልቆመም። ከጓሮው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሚስቱን አስወጥቶ ድስትና በርሜል አስገባ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጥቁር ቢራ ጠመቀ፤ ብቅሏን ሲያጠቁር፣ ሲያቀላ፣ እንደገና ሲያጠቁር። ሚስቱም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ልብስ አጠበች። «ሌላው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ የእኔው ሰውዬ እኔን ጡረታ አወጣኝ» ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬ መጣ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ አልጋ ትፈልጋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደብዳቤ ጻፈች፤ የሚመለከታቸውም ሁሉ ተመለከቱ። በመጨረሻ ሕፃን የሚሞቀው አዋቂ ቀዝቃዛ ቢራ ሲጠጣ ነው የሚል ሊቅ ተገኘ። የቤት ጠማቂዎች በርሜላቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሰፊው ጠጪ ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ በሩ ላይ አንድ ትንሽ ብርጭቆና አንድ ቆርኪ ይሰጠዋል። እየዞረ ይቀምስና ቆርኪውን የወደደው ቢራ ፊት በተቀመጠው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይጥላል። ብዙ ቆርኪ ያገኘውን ቢራ ያ ፋብሪካ፣ ያው ራሱ ፋብሪካ፣ ዓመት ሙሉ ለጤና ጣቢያው ድጋፍ ይጠምቀዋል። የጠማቂውም ፎቶግራፍ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል።

ቴርሞሜትር ይህን የሰማ ዕለት ፎቶ ቤት ሄደ። ከረባት አሠረ፤ በእጁ ብርጭቆ ያዘ። የፎቶ ቤቱ መብራት አረፋ ስለሚገድል ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛ ሻይ ነው። ፎቶው ታጥቦ ኮሞዲኖው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ማሸነፍ ብቻ ነበር።

የሚስቱ ታናሽ እህት ባትኖር ኖሮ ማለቴ ነው።

ይህች እህት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቢራ መጥመቅ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። አንድ እሑድ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርሾ ስጠኝ፤ እኔም ልሞክረው» አለችው።

«ቢራ ፀጉር መሰለሽ? ተተኩሶ አይተኛም።»

«አንተ እርሾውን ስጠኝ እንጂ መተኛቱን ለእኔ ተወው።»

በጠማቂዎች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ እርሾ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ቴርሞሜትር ሕግ አክባሪ ነው። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ከጀርባ፣ ሁለት ዓመት የተኛ፣ አመድ የመሰለ እርሾ ያለበት ብልቃጥ አውጥቶ ሰጣት። ሞቷል ብሎ ነው የሰጣት። እሷ ግን ወስዳ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር፣ በሁለት ደንበኞች መካከል እንደ ሦስተኛ ደንበኛ አስቀመጠችው። በማግስቱ አረፋ ደፈቀ። በዚያ እርሾ የብርቱካን ልጣጭ የገባበት፣ እንደ ማለዳ የጠራ ቢራ ጠመቀች፤ የቀመሰው ሁሉ ብርጭቆውን ዘርግቶ «ድገሚኝ» አለ።

ቴርሞሜትር ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣውን እየከፈተ የቀሩትን ብልቃጦች ይቆጥራል። «ለእኔ የሞተው ለእሷ ነፍስ ይዘራል?» ይላል ብቻውን። ይባስ ብሎ መምህርነት ይወዳልና አፉን መግታት አቅቶት ነበር፤ ቢራውን ከበርሜል ወደ ቧንቧ የሚገፋውን ጋዝ እንዴት እንደምትይዝ ያስተማራትም እሱ ነው። ሲሊንደሩን በመፍቻ ኳ አድርጎ፣ «ስሚ። ባዶው ይጮኻል፣ ሙሉው ድም ብሎ ዝም። ልክ እንደ ሰው ነው» ብሏታል። ይህችን ንግግር ያስታውሷት።

ቀኑ ደረሰ። የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ አሥራ አራት ጠረጴዛ ተደረደረ፤ የስፖርት መምህሩ በድምፅ ማጉያ፣ «ለሕፃናት ስትሉ ጠጡ! በኃላፊነት ጠጡ! ግን ጠጡ!» እያለ ይለፈልፋል። አዋላጇ ቤተሰብ ናቸው ብላ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ደግ ሴት ናት፤ ስለ መውለድ እንጂ ስለ ዘመድ የምታውቀው ነገር የለም።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እሱ ፊት የሚቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የእሷ ሰልፍ የቅርጫቱን ምሰሶ ዞሮ ሄዷል። ቆርኪ ሲወድቅ «ቅጭል» ይላል። የእሷ ጠርሙስ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል ባለ ቁጥር ሰውዬው እንደተወጋ ሁሉ ትከሻው ይነቀነቃል። ከአንገት በላይ ፈገግ ብሎ የሚያልፈውን ይይዛል፤

«የሷን ቀመስክ? ሎሚናት እኮ ነው። ለልጆች ጥሩ ነው።»

«ጋሼ፣ ያንተ ደግሞ ማን ሞቶበት ነው ጥቁር የለበሰው?» አለው አንድ ሹፌር፤ ሰልፈኛው ሳቀ። ሹፌሩም ቆርኪውን አንከባሎ አንከባሎ የፀጉር ሠሪዋ ጠርሙስ ውስጥ ጣለ። ቅጭል።

ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል። እሷን አላሳጣትም።

ሰባት ሰዓት ላይ ግን የእሷ ቧንቧ አክ እንትፍ ብሎ አረፋ ብቻ ተፋ። ሲሊንደሯን በመፍቻ መታችው፤ እንደ ደወል ጮኸ። ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሮጠች፤ ግማሾቹ በጠርሙስ የመጡ ናቸው፣ ሌሎቹ ያላቸው ያው አንድ ሲሊንደር ነው። ጋዝ የሚሞላው ሱቅ ደግሞ በዕረፍት ቀን ዝግ ነው። ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ጋዜ አለቀ። አንተ መቼም ትርፍ ሳትይዝ አትወጣም።»

ትርፉ ነበረ። ከጠረጴዛው ልብስ ሥር፣ በሁለት እግሮቹ መካከል። ሐሙስ ዕለት ነው ያስሞላው፤ ጋሪውን የገፋችውም ሚስቱ ናት። ሐሳቡ ገና ጫማውን ሲያጠልቅ አፉ ቀድሞት ወጣ፤

«ባዶ ነው።»

«ባዶ?»

«ስመለስ ላስሞላው ብዬ ነው የያዝኩት።»

ጎንበስ ብላ ብታንኳኳው በቃ ነበር። አላንኳኳችም። ማንኳኳትን ያስተማራትን ሰው ሲሊንደር ማንኳኳት ነውር ይመስላታላ። «በቃ፣ ምን ይደረጋል» ብላ የቧንቧዋን አፍ ዘጋች።

ብርጭቆ ታደርቅ የነበረችው ሚስት ቀና አለች። «ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው አልኩ እኮ!»

«እሺ። አንተ ባዶ ካልከው ባዶ ይሁን» አለችና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከዚያማ የቴርሞሜትር ወርቃማ ሰዓት መጣ። የእህቲቱ ሰልፍ ሥራ ፈትቶ ወደ እሱ ዞረ። ሰው ሲጠማው ሐዘንም ይጠጣል፤ ጠጡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ «ኧረ ይሄም ለካ ሰው ነው!» አሉ። እውነቱን ለመናገር ቢራዋ ጥሩ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም። የእሱም ጠርሙስ ቅጭል ማለት ጀመረ። ቅጭል፣ ቅጭል። ትከሻው ሰፋ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ይሞላል፣ ቧንቧውን ክፍት ይተዋል፣ ጋዙን እንደ ሹም ይበትናል። ደስታውን የሚያሻክርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን አጥብቃ መጥታ፣ «እኔ ከቆምኩ አይቀር ላግዝህ» ብላ የእሱን ብርጭቆ ታጥባለች። እየዘፈነች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጋዝ መለኪያው መርፌ ወደቀ።

አረፋው መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ቢራው እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ዝም ብሎ ብርጭቆ ውስጥ ተኛ። ፎቶው ላይ እንዳለው ማለት ነው። ከፊት የቆመች ሴት ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ «ይሄ ቢራ ነው ወይስ ጋሼ የታጠቡበት?» ቆርኪዋን በጡጫዋ እንደያዘች ሄደች። ሌላው ተከተላት። ሌላውም። ሙሉው ሲሊንደር ጉልበቱን እየነካው ተቀምጧል፤ ማንሣትና ማሠር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ማን ፊት? ብርጭቆ የምታጥበዋ እዚህ፣ ብርጭቆ የምታደርቀዋ እዚያ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የዚህ ሰው ውሸት ግን አምስት ኪሎ ጋዝ ተሞልቶ የብረት ካፖርት ለብሷል፣ የት ይቀላል።

«ጋሼ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ከልቧ አዝናለት፤ «ያንን ባዶውን እንሞክረው። ባዶም ቢሆን ለአሥር ብርጭቆ የሚሆን ትንፋሽ አያጣም።»

«አይነካም!» ብሎ ዘለለ። «ባዶ ሲሊንደር አደገኛ ነው! ይፈነዳል!»

ሹፌሩ ለሁለተኛ ዙር ተሰልፎ ነበር። «ባዶው የሚፈነዳ ከሆነ ሙሉው ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ይመርቃል?»

ሰልፉ በሳቅ ሲያውካካ እሷ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠች፤ መፍቻውን አነሣች፤ ኳ አደረገችው።

ድም።

ድምፁ ከጠረጴዛው አላለፈም። የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ቴርሞሜትር ቴርሞሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ማየት ጀመረ፤ የማፈሪያ ዲግሪ ያለበት ይመስል። ፀጉር ሠሪዋ ወደ እሱ አየች፣ ወደ እህቷ አየች፣ መፍቻውን አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሰልፉ፣

«ጋሼ ተሳስቶ ነው! ባዶውና ሙሉው ተምታቶበት» አለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ያልተምታታበት» አለች ሚስቱ፣ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች፣ «ዛሬ ተምታታበት።»

ፀጉር ሠሪዋ ሲሊንደሩን አወጣች፤ አፉ ላይ መንታ ቧንቧ ገጠመች፤ አንዱን ለእሱ በርሜል፣ አንዱን ለራሷ። ሁለቱም ቢራ ፈሰሰ። ያ አንድ ሲሊንደር እስከ ማታ ሁለቱን አጠጥቶ ተርፏል፤ በሰባት ሰዓት ቢወጣም ኖሮ ይበቃ ነበር። በጥፊ ብትመታው ኖሮ ይሻለው ነበር። ይቅር የተባለ ቀናተኛ ሁለት ጊዜ ይቀናል፤ ቀድሞ በቢራዋ፣ አሁን ደግሞ በልቧ።

ቆርኪው ሲቆጠር በአሥራ አንድ በለጠችው። አረፋ የሌለውን ቀምሰው ቆርኪያቸውን በጡጫቸው ይዘው የሄዱት አሥራ ሁለት ናቸው። ቴርሞሜትር አሥራ ሁለቱንም በፊታቸው ያውቃቸዋል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም አይላቸውም፤ እነሱ ምክንያቱን አያውቁም።

የማሞቂያ አልጋው ተገዛ፤ አሁን አንዲት ጫማ የማታክል ልጅ ተኝታበታለች። ቢራውም ወጣ። ጠርሙሱ ላይ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉሯን ተተኩሳ ትስቃለች። ከሥሯ፣ ፋብሪካውን አስቸግራ ያስጻፈችው አንድ መስመር አለ፤ «እርሾው ከእህቴ ባል የተገኘ ነው።» ቴርሞሜትር መነጽር አድርጎ አነበበው፣ ከዚያ የፊደሉን ቁመት በቴርሞሜትሩ መስመር ለካው። «ሁለት ሚሊሜትር» አላት ሚስቱን። «ሁለት!»

«ፎቶህ አለልህ አይደል፣ መሳቢያ ውስጥ» አለችው። ልብስ እያጠበች ነበር፤ አሁንም በረንዳው ላይ።

በየማለዳው ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ ጀርባውን ሲሰጥ እጁን ሰድዶ ከመደርደሪያው ያንን ጠርሙስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። ባለሱቁ ያንኑ ጠርሙስ ይመልሰዋል። በማግስቱ እንደገና። ወር ሙሉ ሆነ፤ በመጨረሻ ባለሱቁ እጅ ከፍንጅ ያዘው።

«ምነው ጋሼ፣ ፊቷ ምን አደረገህ?»

«ቢራ ብርሃን አይወድም» አለ፣ ቀና ብሎ፣ እንደ መምህር። «ፀሐይ ያበላሸዋል። ለአንተ ብዬ ነው።»

እውነት ነው፣ ቢራ ብርሃን አይወድም። መደርደሪያው ያለው ግን ከዱቄቱ ጆንያ በስተጀርባ፣ ሱቁ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ ረግጣው በማታውቅ ጥግ ነው።