ከጠመኔ ካርቶን የወጣ ዕጣ

ሐሺሽ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ሻዬን ጥዬ እነሳለሁ። ጂንካ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል። «ቲቸር ሱሱን ደብቆን ነው» ይላሉ። ይበሉ! አንዱ ስልኩን ይዞ «ጫት ተፈቅዶ፣ አረቄ ተፈቅዶ» ሲል፣ ሌላው «ትውልድ አለቀ» እያለ ሲጯጯህ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህን ክርክር ከሁለቱም ወገን ከእነዚህ ሁሉ አሳምራ የተናገረች ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ያባረርናት እኛው ነን።

ሞባይል በከተማው ገና ብርቅ የነበረ ጊዜ ነው። እኔ ከሰሜን ተመድቤ መጥቼ አማርኛ አስተምር ነበር፤ የክርክር ክበቡም ኃላፊ ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ልጆቹን ለሁለት ከፍለን እናከራክራለን። ርዕሱ ሁልጊዜ «ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር» ነበር። ሰለቸኝ። ያኔ ጎረምሶች በሐሺሽ እየተያዙ ከተማው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበርና «ሐሺሽ በሕግ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ» የሚል ርዕስ አወጣሁ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ይያዝልኝ።

ወገን የሚለየው በዕጣ ነበር። በሁለት ቁራጭ ወረቀት «ይፈቀድ»፣ «አይፈቀድ» ብዬ ጻፍኩና ጠቅልዬ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። አንዱን ያወጣችው የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከካኮ አካባቢ መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከደብተሯ ቀና የማትል ልጅ። ወረቀቱን ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ መጣች።

«ቲቸር፣ ይቀይሩልኝ።»

«ዕጣ ይቀየራል እንዴ?»

«ወንድሜ በዚህ ነገር ታስሮ ነው የወጣው። ከወጣ ወዲህም ደህና አይደለም። እኔ ‹ይፈቀድ› ብል ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ እኔ ራሴ እንዲፈቀድ አልፈልግም።»

«ክርክር ማለት የማታምኚበትንም መናገር መቻል ነው» አልኳት፣ ሊቅ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ከየመሥሪያ ቤቱ እንግዶች ተጠርተዋል። የ«አይፈቀድ» ልጆች «የሰይጣን ሥራ ነው፣ ባህላችንም አይደለም» ብለው ጮኹ፤ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ እሷ ተነሳች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ወንድሜ ከበቆሎው ጀርባ ሦስት እግር ተከለና ታሰረ» አለች። «ከእሱ ይገዛ የነበረው ሹፌር ዛሬም በዚህ መንገድ ጭኖ ያልፋል። አረቄ ጠጥቶ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሲነጋ ቢሮ ይገባል፤ ማንም አይጠይቀውም። ወንድሜ እስር ቤት ሲገባ አጫሽ ነበር፤ ሲወጣ በሽተኛ ነው። በሕግ ቢፈቀድና ለማን እንደሚሸጥ ቢታወቅ፣ የታመመውን ሐኪም ቤት እንወስደው ነበር። አሁን ግን እንዳይያዝ እንደብቀዋለን። ሕጉ ወንድሜን ከምን አዳነው?»

ዳኞቹ አንደኛ አሏት። እኔ በኩራት ልፈነዳ! ያኔ ከፊት ወንበር አንድ ባለሥልጣን ብድግ አለ። «ይህችን ልጅ ማነው የላካት? ትምህርት ቤት ነው ወይስ የሐሺሽ ገበያ?» አለ። ወይ ጉድ! አረቄ ቤት በር ላይ ስንት ጊዜ ደግፌ ቤቱ ያደረስኩት ሰው ነው እኮ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ድንቄም ኮሚቴ! በሰልፍ ላይ ባንዲራው ሥር ቆማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ አለዚያ ለአንድ ዓመት ትባረር ተባለ። ለእሷ ዓመቱን ማጣት ማለት ትምህርቱን ማጣት ነበር፤ ቤተሰቧ የቤት ኪራዩን የሚችለው በግድ ነው። ዳይሬክተሩ እኔን አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ለክረምት ዲግሪ የጠየቅኩት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሳይፈረምበት፣ ተቀምጧል።

«ወገኑን ማነው የሰጣት?» አለኝ።

«እንግዲህ… የራሷ አቋም ይመስለኛል» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

እናቷ ከካኮ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ኮሚቴው ፊት ቆመች።

«ልጄ አጨሰች?»

«ኧረ አላጨሰችም፣ እናቴ» አላት ዳይሬክተሩ።

«ሸጠች?»

«አልሸጠችም።»

«ታዲያ ምን አደረገች?»

«ተናገረች።»

ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየችን። እኔን ጨምሮ አምስት የተማርን ወንዶች ነበርን፤ ሁላችንም ወረቀት እናገላብጥ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ፊት ተጠራች። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ዓርብ የተናገርኩት በዕጣ የደረሰኝን ነው። እኔ ‹አይፈቀድ› ነው የምለው። ወንድሜ ሲያጨስ ከእናቴ ይደበቅ ነበር። የሚደበቀው አፍሮ ነው። ተፈቅዶ ቢሆን በራፋችን ላይ ቁጭ ብሎ ያጨስ ነበር፤ እኔስ በምን አፌ ‹ተው› እለው ነበር? ታናናሾቼም እያዩት ነው። ግን መታሰሩም አላዳነውም። ዓርብም አልዋሸሁም፣ ዛሬም አልዋሸሁም።»

 ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ዕጣውን ያሳዩልኝ።»

ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያንኑ ጃኬት ነበር የለበስኩት። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ጥቅልሏ ወረቀት ጣቴን ነካችኝ። ዳይሬክተሩ አየኝ። እጄን ባዶውን አወጣሁት።

ጥቂት ጠበቀችኝ። ምናልባት ሌላኛው ኪስ ውስጥ የምፈልግ መስሏት ይሆናል። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ይቅርታውን ሳትጠይቅ ደብተሮቿን አንስታ ከእናቷ ጋር በበሩ ወጣች። በዓመቱም አልተመለሰችም። ቀይ አፈር ከተማ አግብታለች ሲሉ ሰማሁ፤ ሄጄ ለማየት ግን ፊት አልነበረኝም።

ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ተፈረመልኝ። ለዓመታት ያንን ባለሥልጣን ስራገም፣ ዳይሬክተሩን ስራገም ኖርኩ፤ ይገባቸዋል። ወረቀቱ ግን ዛሬም ከዲግሪዬ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አለ። «ይፈቀድ» ይላል፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።